አንድ አደጋ ለአምስት አማካሪዎች

ይድረስ ለተከበሩ የአእምሮ ጤና ምክር አገልግሎት ድጋፍና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ የሰላም፣ ልብዎም የረጋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሥራ የተጣበበ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ተሳፋሪዎቹ «አይቸኩሌ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ፣ ነፋስ የወሰደባቸውን ኮፍያ ሊያነሡ መንገድ መሀል ጎንበስ ያሉ አዛውንት በእሱ አውቶቡስ ተገጭተው ሞቱ። ፖሊስም ፍርድ ቤትም «ጥፋት የለብህም» ብለው አሰናበቱት፤ እሱ ግን ራሱን አላሰናበተም። ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ይቆማል፣ እግሩ ግን እሺ አይለውም። መንግሥት ወጪውን ወደሚሸፍነው የምክር አገልግሎትዎ እጁን ይዤ የወሰድኩት ያኔ ነው። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ክፍሏ። በስስ ቺፕውድ የተከፈለች በመሆኗ፣ ባለቤቴ ውስጥ የሚናገረውን ውጭ የተደረደርነው ሁሉ ያለ ችግር እንሰማው ነበር። ሲወጣ አንዲት ተራ ጠባቂ እናት «አይዞህ ልጄ» አሉት። የመጀመሪያውን ምክር ያገኘው ከእሳቸው ነው።

፪. ስለ አማካሪዎቹ። በአጭር ኮንትራት እየተቀጠሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ፣ በአምስት ወር አምስት አማካሪ ለማየት ታድለናል። እያንዳንዳቸው አዲስ ቅጽ ያወጡና «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ይላሉ፤ እሱም ከኮፍያው ይጀምራል። አራተኛዋ ግን ብዕሯን አስቀምጣ ዝም ብላ አዳመጠችው። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። በማግስቱ እስከ ረፋድ ተኛ፤ እኔም እንዳይነቃብኝ ስፌት መኪናዬን ሳልነካ፣ ልጆቹን በሹክሹክታ እያናገርኩ አረፈድኩ።

፫. ስለ ቁጥጥሩ ጥብቅነት። በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎችዎ መጥተው ወንበሮቹን ቆጠሩ፣ የእሳት ማጥፊያውን ፈተሹ፣ መዝገብ ሲያገላብጡም ይህቺ ልጅ ለአንድ ሰው ከተፈቀደው ሠላሳ ደቂቃ ላይ ሌላ ሠላሳ መጨመሯን ደረሱበት። ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀረ። የሕዝብ ሀብት በማዳመጥ ሲባክን እያየ ዝም የማይል መሥሪያ ቤት ስላለን ደስ ሊለን ይገባል። ከተቆጣጣሪዎቹ ግን አንዱም ውጭ የተቀመጠውን ባለቤቴን «ተሻለህ ወይ?» አላለውም፤ ቅጻቸው ላይ ቦታ ባይኖረው ይሆናል።

አራተኛ ቁጥር አልሰጥም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር አልቻልኩበትም። አምስተኛው አማካሪ «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ሲለው፣ ባለቤቴ ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። ተከትዬው «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ስለው፣

«እኚያን ሰውዬ ስንት ጊዜ ልግደላቸው?» አለኝ።



ቤታችን አውቶቡስ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው፤ ፍሬን በተሰማ ቁጥር ከአልጋው ይዘላል። ስለዚህ አሁን መኪና የማይደርስበት ገጠር፣ ታላቅ እህቱ ዘንድ ይኖራል። እኔ ልጆቹንና ሥራዬን ትቼ መቅረት ስለማልችል በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ስሄድ ፊቱን አዙሮ «ልብስሽ አውቶቡስ አውቶቡስ ይሸታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የእህቱ ጎረቤት ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ የእህቱን ቀሚስ ለብሼ ነው አጠገቡ የምቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «ተገልጋዩ ተመልሶ ባለመምጣቱ መሻሉ ታውቆ ፋይሉ ተዘግቷል።» የምሥራቹን ለእሱ ለመንገር አቅም አላገኘሁም።

ድካምዎን ሁሉ ፈጣሪ እንደየሥራዎ እንዲከፍልዎ እየለመንኩ፣ ለራሴም ከማይገባኝ ትዕግሥትና ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

መሻሉ በደብዳቤ የታወቀለት ሹፌር ባለቤት

ሳልረሳው፦ ከደብዳቤው ጋር የላኩልኝን የእርካታ መጠይቅ ሞልቼ አያይዣለሁ። «አገልግሎቱን ለሚወዱት ሰው ይመክራሉ?» ለሚለው «አልመክርም» ብያለሁ። ለእርስዎ ግን፣ ክፉ አይንካዎትና፣ አንድ ቀን ቢጨንቅዎ በሩ ክፍት ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ይሰጥዎታል።