ማርከሩ ለሦስት ሳምንት እሱ ጋ ነው

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ጠዋት የቢሮውን የሥራ ቅደም ተከተል የምጽፍበትን ነጭ ሰሌዳ ደመሰስኩት። ባለፈው ሳምንት "አንደኛ" ያልኩት፣ ለክሊኒኩ ታካሚዎች ቀጠሮ በስልክ የሚልከው የቀጠሮ መልእክት ፕሮግራም ወደ ታች ወረደ፤ ክሊኒኩ ስለደወለ የሪፖርቱ ሥራ አንደኛ ሆነ። አምስቱም የቢሮዬ ልጆች አኮረፉ። ምን ያስኮርፋል? ሥራ እንደሁ ይለዋወጣል...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ዛሬም ደመሰስኩ። ከምሳ በኋላ "ዝምታው" የምንለው ልጅ መጣ። ዋናው ፕሮግራመራችን ነው፤ በወር አሥር ቃል ቢናገር ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ዘጠኝ ሥራ አሳየኝ። ሁሉም ግማሽ ላይ የቀሩ።
"ሰነፎች ነን እንዴ?"
"ማን አለ?"
"አንዱን ስንይዝ ታስጥይናለሽ። መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።"
ክው አልኩ። እሱ ከሄደ እኮ አለቀልን! "ምን ላድርግ?" ስለው እጁን ዘረጋ። "ማርከሩን ለሦስት ሳምንት ስጪኝ።" ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ የቀጠሮ መልእክት። ማርከሩን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። "አስቸኳይ ነው! የመግቢያው ገጽ ቀለም ይቀየርልን።" ቀለም! ዘልዬ ሰሌዳው ጋ ደረስኩ... ማርከር የለም። "ከኅዳር ሃያ አምስት በኋላ" አልኳቸው።
"እሺ" ብለው ዘጉት።
እሺ?! በቃ? ታዲያ ዓመት ሙሉ ማን ነው ያዋከበኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 9
እማዬ ጋ ዋልኩ። ጉልበቷን ልትታይ እዚያው ክሊኒክ ሁለት ቀን ተሰልፋ፣ ተራ ሳይደርሳት ተመልሳለች። የእኛ መልእክት ባለቀ ኖሮ... አፈርኩ። የሰሌዳውን ጉድ ነገርኳት።
"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችኝ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19
ይገርማል! ቢሮው ውስጥ ሳቅ አለ። "ዛሬ ደግሞ ምን እንሥራ?" የሚል ጠፋ። ፕሮግራሙን የምትሞክረው ልጅ ጠዋት ሦስት ስህተት አገኘች፣ ከሰዓት ሦስቱም ተስተካከሉ። እኔ ብቻ ጥፍሬን እበላለሁ። ይደርስ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25
አለቀ! የቀጠሮ መልእክቱ ዛሬ ጠዋት ሥራ ጀመረ!
አራት ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። "ልጄ፣ ስልኬ 'ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይምጡ' አለኝ። እውነት ነው?"
"እውነት ነው እማዬ! እኛ ነን የሠራነው!" ጮህኩ መሰለኝ፣ ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ።
ዝምታው ማርከሩን መለሰልኝ። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ሪፖርቱን። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ማርከሩን መልሼ ሰጠሁት።
"ደብዳቤውስ?" አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።
"የምን ደብዳቤ?" አለና ወደ ሥራው ዞረ።