ሁለት ጊዜ አቤት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አልፈርምም። ማውሪትሲዮ አፍንጫውን ይላስ።

ትናንት ባሕር መሐል ሃምሳ ደቂቃ ጥሎኝ ሄዶ፣ ዛሬ ገና የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ በስልክ ወረቀት ይልክልኛል። የጠላቂዎቹ ክለብ የሱ ነው፣ ጀልባዋ የሱ ናት፣ የሚነዳትም እሱ ነው። ወረቀቱ «ከቡድኑ የተለየሁት በራሴ ፈቃድ ነው፤ መሪው የሰጠኝን ትእዛዝ አልጠበቅኩም» ይላል። ከሥሩ ስሜ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ቅዳሜ መልሺ፣ ለአሲኩራትሲዮኔ፣ ለኢንሹራንሱ ነው፣ ፎርማሊታ ብቻ ነው አለኝ። እኔን ለመፈለግ እንዲህ ቢቸኩል ምን ነበረበት?

ሳልረሳው ልጻፈው። ኋላ እነሱ በራሳቸው ቃል ያስረሱኛል።

ከሮም ዳር፣ ከኦስቲያ ወደብ የወጣነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አስራ አንድ ጠላቂ፣ መሪው ሉካ፣ ማውሪትሲዮ። ሁለት ሁለት ሆነን ስንከፈል እኔ ተረፍኩ፤ ስለዚህ ጥንዴ ሉካ ሆነ። አስራ ስምንት ሜትር ላይ የአንዲት ሴት መነጽር ውሃ ገባበት። ሉካ በእጁ «እዚህ ቆዪ» አለኝና ወደሷ ሄደ። ቆየሁ። አልተመለሰም። እንደተማርኩት አንድ ደቂቃ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ መውጣት ጀመርኩ፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆምኩ። ሁሉን እንደ ደንቡ።

ጭንቅላቴ ከውሃ ሲወጣ የባሕሩ ጅረት ከጀልባዋ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወስዶኛል። ፊሽካዬን ነፋሁ። ብርቱካንማውን ፊኛ ሞልቼ አቆምኩ። ጀልባዋ ላይ ባሕሩን የሚያይ አንድ ዓይን እንኳ አልነበረም። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲሳፈሩ አየኋቸው። ሞተሩ ሲነሳ «ተመስገን፣ መጡልኝ» አልኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

የፈራሁት መስጠም አይደለም፤ ጃኬቴ አየር ነበረው። የፈራሁት እሑድ እሑድ ሳያዩ የሚጋልቡትን ሞተር ጀልባዎች ነው። አንዷ በጣም ቀርባ አለፈች። ከዚያ በኋላ ፊሽካውን ከአፌ አላወጣሁትም፤ ዛሬም ከንፈሬ አብጧል።

ተመልሰው ሲያነሱኝ ሉካ «ቱቶ ቤኔ? ሁሉ ደህና?» አለኝ። ቱቶ ቤኔ ይበለው እግዜር! የኦክስጅኑን ሳጥን ክፈቱልኝ ብል ውስጡ የፀሐይ ቅባትና የተፈረፈረ ብስኩት ነው። ሬዲዮው አይሠራም። ማውሪትሲዮ ግን ለሰው ሁሉ ፕሮሰኮ ይቀዳ ነበር።

ፎጣ የደረቡልኝ ጋሼ አለማየሁ ናቸው። በክለቡ ያለነው ሐበሾች እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ምጽዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ስልሳ አምስት ዓመታቸው ሆኖ ከወጣቶቹ የሚሻሉ ጠላቂ። ወደዚህ ክለብ ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። ትናንት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ዓይኔንም አላዩኝም። ደንግጠው ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

በምሳ ሰዓት ማውሪትሲዮ ጋ ደወልኩ። «አሎራ፣ እንግዲህ ሂሩት» ብሎ ጀመረ፤ ሕፃን እንደሚያባብል።

እሱ እንደሚለው ምንም አላጠፉም። ከመነሳታቸው በፊት ሉካ ስም ጠርቷል። አስራ አንድ ስም ተጠራ፣ አስራ አንድ መልስ ተሰጠ። «ለአንቺም ስም መልስ ተሰጥቷል» አለኝ።

«እኔ ውሃ ውስጥ ነበርኩ እኮ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድምፅ ነበር።»

ፊት አላያችሁም? ራስ አልቆጠራችሁም? ስለው «ሰላሳ ዓመት እንዲህ ነው የምንሠራው» አለ። ሰላሳ ዓመት በዕድል!

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንዲት የደም ግፊት ክኒን ለመስጠት ስም እጠይቃለሁ፣ የልደት ቀን እጠይቃለሁ፣ ፊት አያለሁ። ስድስት ዓመት ያጠብኳት ሲኞራ ሳትቀር በየጠዋቱ ስሟን ትነግረኛለች። ትስቅብኛለች፣ ግን ትነግረኛለች። እነዚህ ሰውን የሚያህል ነገር ጥለው ሲሄዱ ድምፅ ይበቃቸዋል።

መጨረሻ ላይ ያለውን ልጽፈው፣ እንዳይጠፋ። «ደንግጠሽ ነው ከቡድኑ የወጣሽው። ይገባኛል፣ እናንተ ባሕሩን በዚያ ዓይነት የመጣችሁ…» አለኝ። እኔ ባሕሩን የተሻገርኩት በአውሮፕላን ነው፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በቦርሳዬ ይዤ። በዚያ ዓይነት የመጣ ሰውም ቢሆን ጀልባ ላይ ሰው መቆጠር እንዳለበት ከሱ ይልቅ ያውቃል። ይህን በደንብ አድርጌ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

የመጪው እሑድ ጉዞ ሞልቷል። አዲስ ተማሪዎች ናቸው አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ማን ነው ለኔ የመለሰው? ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳላምጥ አደርኩ። ከአስራ አንዱ ውስጥ የሚጠላኝ ሰው አለ? የኔ ነገር፣ ሴራ ፍለጋ ገባሁ።

መነጽሯ ውሃ የገባባት ሴት ጨዋ ናት፤ ያነሳችውን የስም ዝርዝር ፎቶ ላከችልኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ በትልልቅ ፊደል «አለማየሁ»፣ ከጎኑ በትንሹ «ሂሩት»። የመጨረሻው መስመር ላይ በትልልቁ «ተሰማ»፣ በትንሹ «አለማየሁ»።

ስልኩን እንደያዝኩ ፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ።

ሉካ የሚጠራው በኮኞሜ፣ በቤተሰብ ስም ነው። እዚህ አገር ወረቀት ሲሠራልኝ የአባቴን ስም ኮኞሜ አድርገው ጻፉት፤ እኔም እሺ ብዬ ተቀበልኩ፤ ሁላችንም እሺ ብለናል። ስለዚህ አለማየሁ ሲባል እኔ ነኝ። ተሰማ ሲባል ጋሼ አለማየሁ ናቸው። ግን አለማየሁ ብሎ የጠራ ሰው ማን ዞር ይልለታል? አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው።

ጋሼ አለማየሁ ጋ ደወልኩ። አላነሱም። እንደገና ደወልኩ። አላነሱም።

ቢሆንም ስህተት ነው፣ በሰው ላይ ይደርሳል አልኩ። ማን ያውቃል፣ ራሳቸውም አላወቁት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ነጠላዬን ሳላወርድ ነው የምጽፈው።

የሰኔ ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሼ አለማየሁ የሕንፃው በር ላይ ቆመዋል፣ ኮት ለብሰው፣ በዚህ ሙቀት። ይግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ይቀመጡ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ።

«ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም፣ ውሃሽንም አልቀምስም።»

«ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም። ሌሎቹ የት አሉ?»

አልሳቁም። ማውሪትሲዮ ነው የላከኝ አሉ። «ሰው አልሞተ፣ አካል አልጎደለ። ስለ ዛሬው ሚካኤል ብለሽ ፈርሚለትና ይብቃ።» ማውሪትሲዮ ሽማግሌ መላክን ከየት ተማረው? ከሳቸው ነዋ፣ ከየት ይሆናል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «እሑድ ስም ሲጠራ ስንት ጊዜ አቤት አሉ?»

እሺ ሳልላቸው ተቀመጡ።

«ሁለት ጊዜ» አሉ።

መጀመሪያ አለማየሁ ሲባል ሳያስቡት አቤት ብለዋል፣ በአማርኛ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለዚህ ስም የሚመልሱት እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ተሰማ ሲባል ያኔ ገባቸው። ገብቷቸውም በጣልያንኛ ፕሬዜንቴ፣ አለሁ አሉ። ታች ልብስ የምቀይር መሰላቸው። ወርደው አላዩም፤ ሴቶች የሚለብሱበት ነው ብለው አፈሩ። ትንሽ ቆይተው ጫማ የምናስቀምጥበትን ቅርጫት አዩ። ሁሉም ጫማውን አድርጓል። የኔ ነጠላ ጫማ ብቻ ቀርቷል።

«ከዚያስ?»

«ወደቡ እስኪታይ ዝም አልኩ። ያኔ ነው የለችም ያልኳቸው።»

ለምን? አልኩ።

«ባሕር ኃይል ነበርኩ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ በሰው ስም አቤት አልኩ ብዬ በነሱ ፊት እንዴት ልናገር? አሁን ከታች ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ ለመንኩ።»

ያቺ ሞተር ጀልባ አጠገቤ ስታልፍ እኚህ ሰው ጫማዬን እያዩ ተቀምጠዋል። እኔ ከአንድ ሰው እፍረት ጋር ተመዝኜ ቀለልኩ!

«ውጡልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌ ከቤቴ አስወጥቼ አላውቅም፤ እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች። በሩን ከኋላቸው በኃይል ዘጋሁት። ከዚያ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ ከሌላ አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የለም። እሱ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ቱርኖዬን፣ የሥራ ተራዬን፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ተቀያይሬ ወደብ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ሉካ ጥሎኝ መሄዱን፣ ጀልባ ላይ ጠባቂ አለመኖሩን፣ የኦክስጅኑን ሳጥን፣ ሬዲዮውን፣ ስም ተጠርቶ ራስ አለመቆጠሩን። የስሙ ነገር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። የአገሬን ሰው ስም ለፈረንጅ ቢሮ ጽፌ ልስጥ? ለነገሩ እሱ የኔን ለባሕር ሰጥቶት የለ? ጻፍኩት።

የተቀበለችኝ መኮንን ወጣት ናት፣ ኮስታራ። ሁሉንም አነበበች። የአባት ስም መሆኑን ሁለት ጊዜ አስረዳኋት፤ ሁለተኛው ላይ ገባት፣ ብዕሯን አስቀመጠች። «መልስ የሰጠው ሰው ራሱ ይመሰክራል?» አለችኝ። እንጃ አልኩ። ያለሱ ቃል፣ እነሱ አስራ አንድ መልስ ሰምተናል ይላሉ፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ አለች። ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ሰጠችኝ፤ እሺ ካለ ይዘሽው ነይ አለችኝ።

እሑድስ? አልኳት። እስከዚያ ጉዞውን የሚያግድ ነገር በእጇ የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ለማውሪትሲዮ «ኖ» ብዬ ጻፍኩለት። አንዲት ቃል። ደስ አለኝ፣ ሳልዋሽ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የበላሁት ምሳ የጣመኝ ዛሬ ነው። እሱ ረጅም መልስ ላከ፦ ብሬቬቶዬን፣ የጠላቂነት ፈቃዴን፣ ያስነጥቀኛል፣ በሮም ሁሉ የሚያጠልቀኝ ክለብ አላገኝም፣ ኦክስጅን ደግሞ ትናንት አዲስ ገዝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ማታ እሱ ደወለ፣ አለማየሁ። ላላነሳ ነበር፤ አነሳሁት። ስለ ቀጠሮው ነገርኩት፣ በአንቱታ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ይምጡ አልልዎትም። ከመጡ ግን ወደቡ እስኪታይ ያሉትን ዝምታ ጭምር ይናገራሉ። ግማሹን አልፈልግም።»

ከዚያ «ነገ እኔም እሳፈራለሁ» አለ። «ልጆቹ አዲስ ናቸው። ራስ በራስ እቆጥራለሁ።»

እንደፈለጉ ብዬ ዘጋሁ። ይቁጠር። አሁን ቆጣሪ ሆነ!

እሑድ፣ ሰኔ 15

አልሄድም ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ወደ ኦስቲያ የሚሄደው የሊዶ ባቡር ውስጥ ነበርኩ።

ወደቡ ላይ ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ ሄጄ «ከውሃ ስትወጡ ጀልባው ፊታችሁን ሳያይ ጥሏችሁ እንዳይሄድ፣ ጓደኛችሁን ቁጠሩ» አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ። ማውሪትሲዮ ከላይ ጮኸ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ጥራ አልኩት፣ ሁለት ጠሪ እንሆናለን። አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ተመልሳ ሄደች። አንድ ድል።

አለማየሁ አላየኝም፣ ወይ አይቶ እንዳላየ ሆነ። አስራ ሦስት ሰው ተሳፈረ፣ ሉካና ማውሪትሲዮ ጭምር። ሲሄዱ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ጠበቅኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቡና ጠጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ከያዝኩት መጽሐፍ አንድም መስመር አላነበብኩም።

ጀልባዋ ስትመለስ የመውረጃው ደረጃ ሥር ቆምኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ፀጉራቸው እርጥብ ነው። ዘጠኝ። አስር። ሉካ። ማውሪትሲዮ፣ ትከሻዬን ገፍቶኝ አለፈ። አስራ ሁለት።

አስራ ሁለት።

ጀልባዋ ላይ ማንም አይታይም። ማውሪትሲዮ ቁልፉን እያሽከረከረ ሄዷል። «ጋሼ አለማየሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ወደቡ ሁሉ ዞረ። እንደገና ጮኽኩ።

«አቤት» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ጎን መጣ። ገመድ እያሰረ ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ ወጣ።

«ምን ሆነው ነው መጨረሻ የሚወርዱት?» አልኩት። ደረጃውን በሁለት እጄ ይዤያለሁ።

«የቆጠረ ሰው መጨረሻ ነው የሚወርደው» አለ።

ለሱ መፍራቴ አናደደኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰበሰብኩት ቂም በአንድ ደቂቃ ድንጋጤ ሲበተን ያናድዳል። ይቅር አላልኩትም። ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኩትም። ባቡሩ ውስጥ ሌላ ፉርጎ ገባሁ፤ እሱም ተከትሎ አልመጣም።

ፒራሚዴ ጣቢያ ስንወርድ ግን ከኋላዬ «ነገ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለኝ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ሁሉንም ልናገር?»

«ሁሉንም።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን ወይ መድከሙ አላወቅኩም። ቢመጣም ባይመጣም እኔ እሄዳለሁ።