ፀጉር አስተካካዩ ፀጉር የነበረው ጊዜ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ስልክህን ዘግተህ አክስታችን ቤት የተሸሸግክ ሰው እንዴት እንደምትሰነብት አውቀዋለሁ። እማዬ ደህና ናት። በቀን አሥር ጊዜ ትመርቅሃለች፣ ሃያ ጊዜ ትቆጣሃለች።

ምርጫው አልቆ ውጤቱ ሰውን ሲያጨቃጭቅ፣ አንተ ከረባትህን አስረህ «በታችኛው ሰፈር ሁከት ፈጣሪዎች ሱቆችን እያቃጠሉ ነው» ብለህ በቴሌቪዥን ዜና አነበብክ፤ የሚነድ ሱቅም አሳዩ። ጉድ እኮ ነው! እኔ እዚያው ልብስ ስፌቴ ላይ ነበርኩ፤ ከክር ጫፍ በቀር ያቃጠልነው ነገር የለም። የላይኛው ሰፈር ሰዎች ግን አመኑህ። ዱላ ይዘው መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሙ። የእኛዎቹም «ሊመጡብን ነው» ብለው ድንጋይ ሰበሰቡ። በጣም ፈራሁ።

ምስሉ የቆየ መሆኑን ያወቀው ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነው። ዜናው ሲደገም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠና «ኧረ እናንተ! ይሄ ወንበር ተሸክሞ የሚሮጠው እኔ ነኝ! ፀጉር ነበረኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ያ ድሮ በኤሌክትሪክ የተነሳው የዳቦ ቤቱ ቃጠሎ ነው።

ደወልኩልህ። «እኔ ጽሑፉን እንጂ ምስሉን አላይም፤ የሰጡኝን ነው የማነበው» አልከኝ።

«የሰጡህን ሁሉ ትውጣለህ?» አልኩህ። ዘጋህብኝ።

በማግስቱ ያው ምስል መጣ። አንተም ማንበብህን አቁመህ ዞረህ አየኸው። ከዚያ «ይቅርታ፣ ይህ የዛሬ አይደለም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ አሁን መላጣ ነው» አልክ። ወዲያው ሙዚቃ ለቀቁ። ማታውኑ «ጋዜጠኛው ታሟል» አሉ። እማዬ «የታመመውስ እሱ አይደለም!» ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ጠዋት የላይኛው ሰፈር ሰዎች ፀጉር ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። «እስቲ ባርኔጣህን አውልቅ» አሉት። አወለቀ። ሳቁ፣ የኛም ሰው ሳቀ። ከመካከላቸው አንዱ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ «በል፣ ጢሜን ላጨኝ» ብሎ ተቀመጠና አንገቱን ለምላጭ ሰጠ። እኔ አለቀስኩ።

ሁሉም ይቅር ብሎሃል አልልህም። ባለ ዳቦ ቤቱ «መጀመሪያ ያነበበውስ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሥራህም የሚመለስ አይመስለኝም። ግን እዚህ ማንም አይነካህም፤ አንተን ብለው ነው ድንጋዩን የጣሉት።

ማን አሸነፈ በሚለው ዛሬም አልተስማማንም፤ ፀጉር ቤቱ በክርክር ሊፈርስ ነው። እኔና አንተም የመረጥነው አንድ አይደለም፤ አውቃለሁ። እንግዲህ ና፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጨቃጨቅ።

የተቆጣችህና የኮራችብህ
እህትህ