ሞተርህን ላመጣ ሄጃለሁ

ወንድምዬ፣ እንቅልፍ ወስዶህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ከመካኒኩ ጋር ወደ ተራራው ወጥተናል። የወደቀውን ሞተርህን በፒካፕ ጭነን ማታ እንመለሳለን።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀው። ኪኒኑን በባዶ ሆድህ እንዳትውጥ። የጋዙን ሲሊንደር ላንሳ እንዳትል፣ በአንድ እጅ ጀግንነት የለም።
ሰማያዊው ሸሚዜ ሰፊ ስለሆነ የታሰረው ክንድህ ይገባበታል። ልበሰው፣ አትመልስልኝ።

እኔ ከእሁዱ ጉዞ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

በሞተር ስንጓዝ ያለንን ሕግ ታውቀዋለህ፤ መገንጠያ ላይ ፊት የደረሰ ሰው የኋለኛውን መብራት ሳያይ አይንቀሳቀስም። "ጠብቄው ነበር፣ ራሱ ነው የተሳሳተው" ብዬ ለጓደኞቻችን ሁሉ ተናገርኩ።
አልጠበቅኩህም።
ዝናቡ መጣብኝ፣ ደክሞኝም ነበር፣ መንገዱ አይጠፋውም አልኩና ነዳሁ። አንተ በግራው መንገድ ተሳስተህ ወርደህ ገደሉ አፋፍ ላይ ወደቅክ።

ትናንት መካኒኩ "ይሄ ሰውዬ እኮ ከመኝታ ቤት ሳሎን ሲሄድም ይጠፋል" ብሎ ሲስቅብህ አብረኸው ሳቅክ። እኔን ግን አየት አደረግከኝ። የስድብ መዓት ብታወርድብኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ መገንጠያው ጋ ስንደርስ እውነቱን እነግረዋለሁ ብያለሁ። ማታ መጥቶ እንደገና ከቀለደብህ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል ማለት ነው።
ያኔ አንተው ንገረው። አጠገብህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።