ዳቦዬን መልሳችሁ ገመናዬን ለጠየቃችሁኝ

ይድረስ ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ርዳታ ክፍል ኃላፊ፣ ለተከበሩ ምክትልዎ፣ እንዲሁም ደብዳቤውን ለሚያዘጋጀው ለተከበረው ኮምፒውተር
ኖርድኤንድ፣ ፍራንክፈርት አም ማይን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁም፣ ወንበራችሁም፣ የቢሮአችሁ ማሞቂያም እንዳማረበት ይቆይ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የእናንተን ደረጃ እስኪያውቅ ድረስ እህ ብሎ አያውቅም ነበር።

ስሜ ዘገየ ደምሴ ይባላል። ጻይልስሃይም ሰፈር የምኖር ጡረተኛ ነኝ፤ ሚስቴን አያልነሽን ከቀበርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የልጅ ልጄን ቤቴልን እናንተ ዘንድ ሕግ እንድትማር ዘንድሮ ተቀብላችኋታል። ያሳደግናት እኔና አያልነሽ ነን፤ አሁን የቀረነው እኔና እሷ ነን።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው «በራሳችሁ ቃል ጻፉ» ስላላችሁን ነው፤ የእኔ ቃል ይኸው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ የተዛነፈ ፊደል ብታገኙ በእኔ ይሁን፤ አሳቡ ግን አልተዛነፈም። ግልባጩን የሐበሾች ኅብረታችን እሑድ እሑድ በሚከራየው አዳራሽ በር ላይና በአገራችን ልጅ በሁስኒያ ሱቅ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ። የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም አልጻፍኩም። የሰውን ነውር ስም ጠርቶ አደባባይ ማውጣት እኛ ቤት አይወደድም፤ ለምን እንደማይወደድ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ደብዳቤያችሁ ሐምሌ ሲገባ ደረሰን። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ አያልነሽ ብታየው የሰሃን መደርደሪያ ላይ ታነጥፈው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ሁለተኛው፣ የቤቴልን የትምህርት ክፍያ ከግማሽ በላይ አንድ ቸር ሰው እንደሚሸፍንላት ይናገራል። ለዚህ እናመሰግናለን፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ነገር ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ርዳታው የሚጸናው፣ ቤተሰቡ ለለጋሹ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎ፣ አሳዳጊው ፈርሞበት፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ የላከ እንደሆነ ነው። ደብዳቤው በመከር በምታደርጉት የለጋሾች እራት ላይ ይነበባል። ካልተላከ ርዳታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ያለ ርዳታው ደግሞ ቤቴል በደጃችሁም አታልፍም።

እንዳንቸገር አስባችሁ ናሙና አያይዛችሁልናል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ናሙናው «ከርስዎ ቸርነት በፊት ቤታችን ውስጥ» ይልና ክፍት ቦታ ይተዋል። «በጣም የከፋብን ጊዜ» ይልና ይተዋል። «ከቤተሰባችን መካከል የሚሠቃየው» ይልና አሁንም ይተዋል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ልብ የሚነካ ዝርዝር እንደሚመረጥና የቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ቢጨመር መልካም እንደሆነ ተጽፏል።

እንግዲህ ምስጋና ጠይቃችሁ የለ? ምስጋናዬን እንዳይደበላለቅባችሁ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። ቤቴልን ከጦርነት ስላተረፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤያችሁ «በልጅነትዎ ከጦርነት ሸሽተው ወደዚህ አገር መምጣትዎ ጥንካሬዎን ያሳያል» ይላታል። ቤቴል የተወለደችው እዚሁ ሄክስት፣ ከቤታችን በአውቶቡስ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በዕድሜዋ የሸሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ትኬት ሳትቆርጥ ኤስ-ባን ባቡር ላይ ከትኬት ኮንትሮለር ነው፤ ያን ቀን ያሳየችውን ጥንካሬ አልክድም። ስሕተቱን ላመለክት ቢሮአችሁ መጥቼ ነበር። ፍራው ሊንደማን የምትባለው ሠራተኛችሁ «ሄር ደምሴ» ብላ ጠራችኝ፤ አቶ ደምሴ ማለቷ ነው። ደምሴ አባቴ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል፤ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ደግ ሴት ናት፤ አሠራሩን ደብቃ አላለፈችም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጽፈው የተቀመጡ አንቀጾች አሉ አለችኝ፤ የስደት አለ፣ የሞት አለ፣ የሕመም አለ፣ አባት የሌለው አለ። ሠራተኛው የተማሪውን ስም ያይና ይሆናል ያለውን ይጫናል፤ የቀረውን መኪናው ይሰፋዋል። ልብስ ሰፊ እንኳ ከመቁረጡ በፊት የሰውየውን ወገብ ይለካል ብያት ነበር፤ ጻፈችው፤ ከዚያ በኋላ የተባለ ነገር የለም።

ሁለተኛ። እኛን «ቢልዱንግስፈርን» ስላላችሁን አመሰግናለሁ። ቤቴል ስታስረዳኝ፣ ከትምህርት የራቀ ቤተሰብ ማለት ነው አለች። በእኔ በኩል እውነት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን አያልነሽ ነቀምት አስተማሪ ነበረች። እዚህ መጥታ መሀል ከተማው ኢነንሽታት ያሉትን ሱቆች ወለል ስትወለውል ኖራ፣ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ የቤቴልን ደብተር ታርም ነበር። እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ስሳሳት በማማሰያ እጄን ትመታኝ ነበር፤ ሚስቴ ሆና ሳለ ማለት ነው። ትምህርት እኛ ቤት እራት እየበላ ነው የኖረው። እናንተ ሩቅ ስትሉት እሱ ማዕድ ላይ ነበር።

ሦስተኛ። ስለ ዳቦው አመሰግናለሁ። ናሙናችሁን ሳላነብ፣ ቤቴል ምስጋና ይፈልጋሉ ብቻ ስትለኝ፣ ምስጋናማ አውቃለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሰው ውለታ ሲውልልህ ባዶ እጅህን አትሄድም። ዱቄቱን ከሁስኒያ ሱቅ ገዛሁ፤ ድፎውን ራሴ ጋገርኩት። በአንድ ጎኑ አረረብኝ፤ አያልነሽ ብትኖር አያርርም ነበር። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በአውቶቡስ፣ በኤስ-ባንና በምድር ውስጡ ኡ-ባን ይዤው መጣሁ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እንዲህ የሚሸተው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ቆርሼ ልሰጣት አማረኝ፤ ግን ያልተባረከ ዳቦ አይቆረስም፣ ደግሞም የእናንተ ነበር። ቢሮአችሁ ገብቼ ቆሜ መረቅኋችሁ። እጃችሁን አመድ አፋሽ አያድርገው፣ ጓዳችሁ አይጉደል፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ አልኩ። ፍራው ሊንደማን እጇን አጣምራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀልቶ፣ ከተማሪ ቤተሰብ ስጦታ መቀበል በደንቡ ክልክል ነው፤ ጉቦ ሊመስል ይችላል አለችኝ። ዳቦዬን አቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። በሳምንቱ ደግሞ፣ ዳቦ እንዳቀረብኩና እንዳልተወሰደ የሚመሰክር ወረቀት በፖስታ ላካችሁልኝ፤ ማኅተም አለው።

ክቡራን ሆይ፣ ጉቦ እንዴት እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጉቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እየሸተተ፣ በአውቶቡስና በሁለት ባቡር አይመጣም። ዳቦውን መልሼ ሁስኒያ ሱቅ ወሰድኩት፤ የነገሩኝን ስነግራት «ተዋቸው አባባ፣ የእኛ ሪዝቅ፣ የእኛ ድርሻ ሆኖ ነው የመለሱት» ብላ ቢላዋ አመጣች። ገበያተኛው ሁሉ ቀመሰው፤ ያረረው ጎን ሳይቀር አለቀ።

አራተኛ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቅና ሌላ ነገር ይጀምራል።

ዳቦ አትቀበሉም፤ ገመና ግን ትቀበላላችሁ። ዳቦ ጉቦ ይመስላል ያለው ደንባችሁ፣ የሰው ቤት ጉድ ተጽፎና ተፈርሞበት ሲመጣ እራት ማጣፈጫ ነው ይላል። ጣራ የሚሠራው ለዝናብ ብቻ አይደለም። ከጣራ በታች የሆነው ነገር የቤቱ ሰዎች ነው፤ ወዳጅ ካየው ይሸፍናል፣ ጎረቤት ከሰማው ያልሰማ ይመስላል። እኛ ያደግንበት ነው፤ ድህነት አይደለም፣ ኋላ ቀርነትም አይደለም።

ልጄ ሳሮን፣ የቤቴል እናት፣ በሕይወት አለች። ቤቴልን እኛ ለምን እንዳሳደግናት መልስ አለው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ቤቴል ታውቀዋለች፤ አያልነሽ ይዛው ሄዳለች። እናንተ አታውቁትም፤ ወደፊትም አታውቁትም። በሾርባውና በሥጋው መካከል ተነሥቶ በማይክሮፎን የሚነግራችሁ ሰው ቢገኝ ከእኔ ቤት የወጣ አይደለም።

ቤቴል ግን ጽፋው ነበር። ይህን የምነግራችሁ እናንተ ምን እንዳስደረጋችኋት እንድታውቁት ነው። ክፍት ቦታችሁን በእናቷ ሞልታ፣ ፈርሙልኝ ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። የእናቷን ስም አየሁ፤ ጀርመንኛው ባይገባኝም የገባኝ በቃኝ። እስክሪብቶውን መለስኩላት።

«ኦፓ፣ ብሪፍ ብቻ እኮ ነው» አለችኝ፤ አያቷን ኦፓ፣ ደብዳቤን ብሪፍ ነው የምትለው። «ማንም አያውቃትም። አንዴ ሰምተው ይረሱታል።»

የሚረሱት ከሆነ ለምን ይሰሙታል አልኳት።

«ኩራቱ የአንቱ ነው» አለች፤ «የሚቀረው ግን የእኔ ትምህርት ነው።»

ልክ ናት። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጉተን ሞርገን፣ ማታ ጉተ ናኽት ብቻ ሆነ በመካከላችን፤ ሾርባዋን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ያሳደግኋትን ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ወረቀት አጣላችሁን። ኮምፒውተራችሁ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ካለው እባካችሁ ላኩልኝ፤ እኔ አጥቼለታለሁ።

አምስተኛ። የቤታችንን ፎቶግራፍ ጠይቃችኋል። ግድግዳው ባለፈው ዓመት ተቀብቷል፤ ለእራታችሁ የሚበቃ ችግር አይታይበትም። ይቅርታ።

እንግዲህ የምስጋና ደብዳቤያችን የሚከተለው ነው፤ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ቀኑ ሳያልፍ ተልኮላችኋል፦

«ስለ ርዳታው እናመሰግናለን። ቤቴል በርትታ ትማራለች።»

ሌላ የለውም። እራቱ ላይ አንብቡት፤ አጭር ስለሆነ ሾርባው አይቀዘቅዝባችሁም። ያልተሟላ ነው ብላችሁ የምትመልሱ እንደሆነ፣ የትኛው ዕንባ እንደጎደለው በጽሑፍ ግለጹልኝ፤ በማኅተም ይሁን፤ እሱንም አዳራሹ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ርዳታውን ለተጠባባቂው ልጅ ብትሰጡት እሱን አልቀየመውም፤ ያግኘው፤ ብቻ እሱም ቤት አለውና ጣራውን ከማንሣታችሁ በፊት በሩን አንኳኩ።

ለጋሹን ሰው አላውቀውም። ምናልባትም ይህን ሁሉ አልጠየቀም፤ ስሙን ይዛችሁ የምትሠሩትን አያውቅ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ይምጣ፤ ወንበር አለ። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ በጣም ስለከፋበት ጊዜ አንድም ነገር አልጠይቀውም። እንግዳ የምንቀበለው እንዲያ ነው።

በኦክቶበር ትምህርት ሲጀመር ቤቴልን ይዤ በራችሁ ላይ እገኛለሁ። ስሟ ካለ ትገባለች፤ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ ፊት ለፊት የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ እዚያው እቆማለሁ። ቴርሚን የምትሉት ቀጠሮ የለኝም፤ አልይዝምም።

እስከዚያው ድረስ መዝገባችሁ የተስተካከለ፣ እራታችሁ የጣፈጠ፣ እንቅልፋችሁም የሰላም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ቆቤን አንሥቼ እጅ የምነሣው፣ አክባሪያችሁ እንጂ ታዛዣችሁ ያልሆንኩት፣

የአያልነሽ ባል፣ የሳሮን አባት፣ የቤቴል አያት
ዘገየ ደምሴ
ጻይልስሃይም፣ ኦገስት 2012

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለቤቴል አነበብኩላት፤ ስሟ ያለበትን ነገር ሳትሰማው መላክ አልፈለግሁም። እጇን አጣምራ ሰማችኝ። አራተኛውን ድገሙልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ጀርመንኛውን እኔ ነኝ የምጽፈው አለችኝ። ያን የሞላችውን ወረቀት የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም። ከእኔ አፍ የእሷ ቦታ ይበልጥብኛልና፣ አራተኛው ላይ እንኳ ትንሽ አለስልሺው አልኳት። «ናይን፣ ኦፓ፤ አይሆንም» አለች። ስለዚህ አብሮ የደረሳችሁ ጀርመንኛ የእሷ ነው። ከእኔው ይልቅ ረዝሟል፤ ምን ጨመርሽ ብላት «ሕጉን» አለች፤ የሰውን የቤት ጉዳይ እንደ ርዳታ መክፈያ መጠየቅ ስለሚከለክለው አንቀጽ ነው። እኔ አልገባኝም፤ እናንተ ግን በደንብ ይገባችኋል ብላኛለች። ገና ክፍል ሳትገባ እንዲህ ያደረገች ልጅ ተምራ ስትወጣ ምን እንደምትሆን እናንተው ገምቱት። ይህን አስባችሁ፣ ለራሳችሁ ፈርታችሁ ቦታውን ለሌላ ብትሰጡት፣ እውነቴን ነው፣ አልፈርድባችሁም።