ከቻይና የመጣው የከድር ጥለት

ቅዳሜ፣ ጥር 7 ቀን 2003

ዛሬም አንድ ነጠላ ብቻ! ለዚያውም ተከራክረውኝ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የጎንደር ሰው ሁሉ በሱቄ ፊት እያለፈ የቻይናውን የታተመ ጨርቅ ይሸምታል። እኛ የሸማ ነጋዴዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያንን ጨርቅ ላንነካ ተማምለን ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ ዘነበች በሯ ላይ ሰቀለችው።

«መሐላሽስ?» ብላት «ልጆቼ መሐላ አይበሉም» አለችኝ። ደግሞ ቀጠለች፤ «ባልሽ የሚሸምንበት ድሩስ የፋብሪካ አይደል ወይ?» እሱስ ነው። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው። ይህን ሳልነግራት መቅረቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እሑድ

ባሌ ከድር ከሽመና ጉድጓዱ አልወጣም። ምሳውንም እዚያው በላ። የአምባ ጊዮርጊሷ እማማ ጥሩዬ ለልጃቸው ሰርግ ያዘዙትን ቀሚስ እየጨረሰ ነው። «ይህን ካልወሰዱት የሽመና ዕቃዬን ነቅዬ ክፍሉን ለተማሪ አከራየዋለሁ» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። አይደለም።

ማክሰኞ፣ ከተራ

እማማ ጥሩዬ መጡ። ቀሚሱን ዘርግተው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ምነው ልጄ! ይኸ ያ የቻይናው አይደለም? በእጅ የተሠራ ብለሽ የታተመ ትሸጭልኛለሽ?»

እኔን! አጭበርባሪ! ሮጬ ከዘነበች በር ላይ አንዱን አውርጄ መጣሁና ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ወላሂ! የከድር ጥለት ነው። ሦስተኛዋ አበባ ላይ ቢጫዋ ክር የለችም። ያቺን ክር አማቼ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዓይናቸው ሲደክም የሳቷት ናት። ከድርም እንደተማረው ይሸምናል፤ አርማት ስለው «አባቴን ላርም?» ይለኛል። አንዱ ከእኛው ገዝቶ ለቻይናዎቹ ልኮላቸዋል። ስሕተታችንን ሳይቀር አትመው መለሱልን!

«ጀርባውን ይዩት እማማ» አልኳቸው። የታተመው ጀርባው ባዶ ነው። ገለባብጠው አዩት፣ ዳሰሱት። «ሸጋ ነው፣ አላጣሁትም» አሉ። «ግን ማን ገልብጦ ያይልኛል? አገር የለበሰውን ለሙሽራ አላለብስም።» ጥለውት ሄዱ። ለከድር የነገርኩት ማታ ነው። እራቱን አልነካም።

ረቡዕ፣ ጥምቀት

ታቦት ሲመለስ ለማየት ከከድር ጋር መንገድ ዳር ቆምን። ባንወጣ ይሻል ነበር። ልጃገረዱ፣ እናቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ ያንን ጥለት ለብሷል። «ገላችሁን ያሳክከው!» አልኩ በሆዴ። ቆይቶ አፈርኩ፤ ልጆቹ ምን አጠፉ? ደስ ብሏቸው ይዘፍናሉ።

ከድር «አባዬ ይህን ሁሉ ሰው አለበሱት» ብሎ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼበት አላውቅም። ፈራሁ።

ሐሙስ

ጠዋት መቀስ ይዞ ወደ ዕቃው ሲገባ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ድሩን አትቁረጥ!» ብዬ ጮኽኩ። ድሩን አልነካም። የቀለም ክሩን ሁሉ ቆራርጦ በፌስታል አሰረና ውጪ ጣለው። አረንጓዴውን፣ ቀዩን፣ ያቺን ጉደኛ ቢጫ። ከዚያ ተቀምጦ ነጭ ጋቢ ጀመረ። ጥለት የለው፣ ምን የለው።

«ምነው?» አልኩት።

«ነጩን ማን ይቀዳዋል?»

ከሰዓት ክፍል የምትፈልግ ተማሪ መጥታ ነበር፤ ተይዟል ብዬ መለስኳት። አፌን ሞልቼ እንዴት እንዳልኩት እኔም አላውቅ። ጥለት የሌለውን ጋቢ ማን ይገዛናል? ይህንኑ ጠየቅኩት፤ «ባይሸጥስ?»

«ስሞት ለከፈኔ ይሆነኛላ» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ምላስህን ይቁረጠው! ሟርተኛ!» እያልኩ ሰደብኩት፣ አለቀስኩም። ማጉን ግን አቀበልኩት።