ፓምፕ ቁጥር ሁለት እና የፈረምኩት ወረቀት

ለውድ አባባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ጎብጠህ ውለህ፣ ሲመሽ «ኧረ ወገቤን» ማለቱን ተውክ ወይስ ዛሬም ደንበኛ በመጣ ቁጥር እሺ ትላለህ? የእማማ ዐይንስ? አቃጠለኝ ብላ ጠብታውን እንዳታቆመው አደራ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ መሰለኝ፣ የሰፋህልኝ ግራጫ ቀሚስ ወገቡ ላይ ይከራከረኝ ጀምሯል።

ባለፈው ደብዳቤህ «ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲለኝ ከማሽን ጋር ነው ከማለት በቀር መልስ የለኝም፤ እስቲ ለልብስ ሰፊ በሚገባ ቋንቋ አስረጂኝ» ብለኸኝ ነበር። መልሱ የዘገየው ረስቼህ አይደለም። ጀምሬው ነበር፤ መሃል ላይ ብዕሬን ጥዬ ተነሣሁ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

የምሠራው ለከተማው ውሃ የሚገፋ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሦስት ትልልቅ ፓምፖች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ጎን መንቀጥቀጣቸውን የምታዳምጥ፣ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ተለጥፋለች። መንቀጥቀጡ እንደ ወራጅ ውሃ አይቋረጥም፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከቁጥር በቀር የሚገባው ነገር የለም። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ወደ ቁጥር የምትለውጥ ሳጥን መሃላቸው አለች። ለእሷ ሁለት ነገር የምወስንላት እኔ ነኝ፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደምታይ፣ ባየች ቁጥርም በምን ያህል ደቃቅ መስፈሪያ እንደምትለካ። መስፈሪያው ለአንተ አይከብድህም። ሜትርህ ላይ ሚሊሜትሩ ጠፍቶ ሳንቲሜትሩ ብቻ ቢቀር፣ ትንሿ መጣመም ለአንተ የለችም ማለት ነው። የማየቱን ነገር ደግሞ በትንሹ ወንድሜ ላስረዳህ። ልጅ ሳለ እየሰፋህ አልፎ አልፎ ቀና ብለህ ታየው ነበር፤ ባየኸው ቁጥር ቁጭ ብሏል። በመሃሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ፣ መቀሱን አንሥቶ፣ የሰው ሱሪ ቆርጦ ተመልሶ ይቀመጣል። «ዐይኔ እያየ ከቦታው አልተነሣም» ብለህ ለእማማ የማልክላትን ቀን መቼም አትረሳውም!

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ ጋሽ ጆሮ የምንላቸው ሽማግሌ ኦፕሬተር አሉ። ሠላሳ ዓመት ፓምፕ ሲያዳምጡ ኖረዋል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት «ቁጥር ሁለት ታማለች፤ ውስጥ ውስጡን ታንኳኳለች» ብለው ማንንም ሳያስፈቅዱ አጠፏት። የከተማው ግማሽ እስከ ማታ ውሃ አጣ። የሆስፒታሉ የወላዶች ክፍል ሳይቀር ውሃ በባልዲ ሲያመላልስ ዋለ። ዋና መሐንዲሱ እሳት ጎርሶ መጣና የሳጥኗን መዝገብ እንዳወጣ አዘዘኝ። አወጣሁ። መስመሩ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ይመስላል። «በመሣሪያው ልኬት ምንም ችግር አልታየም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ፓምፗን መልሰው አስነሡ፤ ጋሽ ጆሮን ግን ከፓምፖቹ አንሥተው በር ጥበቃ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከሥራ ይሰናበቱ አይሰናበቱ የሚለው በስብሰባ ሊወሰን ተቀጠረ። በበሩ ሳልፍ ዐይናቸውን ማየት አቅቶኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ የሰማሁትን ተናገርኩ፤ አንቺም ያየሽውን ጻፍሽ። አልቀየምሽም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንተ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። እሑድ ቁጭ ብዬ የመቀሱን ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ። «ባየኸው ቁጥር ቁጭ ብሏል» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬን ጣልኩ። ሳጥኗን ያስተካከልኳት እኔ ራሴ ነኛ! ፓምፑ በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ ነው የሚዞረው፤ መቶ ጊዜ ካየች ተርፏት ነው ብዬ፣ መዝገቡም ቦታ ሳይጨርስ እንዲቆይልኝ ብዬ መቶ ላይ አቆምኳት። መስፈሪያውንም ሸካራውን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃ ብቻ ያለውን ሰጠኋት። ኩሽኔታ የሚባለው፣ የፓምፑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት ግን ተሰንጥቆ ሲንኳኳ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይርገበገባል። የሚርገበገብን ነገር ለመያዝ ከሚርገበገብበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ካነሰ መሳቱ ብቻ አይደለም፣ ፈጣኑ ጭራሽ ዘገምተኛና ረጋ ያለ መስሎ ይመዘገባል። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ረስቼዋለሁ።

ሰኞ ሳይነጋጋ ገባሁ። በንዴቴ መጀመሪያ ሁሉንም እስከ ጣሪያው ሰቀልኩት፤ መዝገቡ በሰዓታት ሞልቶ ቀጥ አለ። ከዚያ ረጋ ብዬ አሰብኩ። በሰከንድ አምስት ሺህ ጊዜ፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሚርገበገበውን አስቀድሞ የሚያስቀር ማጣሪያ፤ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ደረጃ ያለው መስፈሪያ፤ በየሩብ ሰዓቱ ዐሥር ሰከንድ ብቻ። ተረፍ ብሎ ሳይበዛ የሚበቃው ይኸው ነበር። ቁጥር ሁለት ላይ ገጠምኩት። መስመሩ ላይ እንደ እሾህ የተደረደሩ ሹል ሹል ነገሮች ብቅ አሉ።

አባባ፣ የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እስከ ማግስቱ ድረስ ዝም አልኩ። ውሌ የሚታደሰው በወሩ ነበር፤ ዝም ብዬ ባስተካክለውስ፣ ማን ያውቃል? አልኩ። ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ጋሽ ጆሮ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ሳያቸው ግን አላስቻለኝም። ተነሥቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መሐንዲሱ «እና የፈረምሽው ውሸት ነው?» አለኝ። «አልዋሸሁም፤ ጥፋቴ ያላየሁትን የለም ማለቴ ነው» አልኩት።

ፓምፑ ተፈታ። የኩሽኔታው ቀለበት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። መካኒኩ «ሁለት ሳምንት ብትቆይ ዘንጉን ትቆርጠው ነበር» አለ። ጋሽ ጆሮ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አልተኩራሩብኝም። አጠገቤ ወንበር ስበው «እስቲ ያንቺን አሳዪኝ» አሉኝና ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን መስመር አፍጥጠው አዩ። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጉ ጀመር፤ ልክ እሾሆቹ በተደረደሩበት ምት። «ይቺ ናት! ይቺን ነው የሰማሁት!» አሉ፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ። እኔማ አለቀስኩ።

እንግዲህ የኔ ዋጋ ይኸውልህ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ውሌም ለሁለት ዓመት መሆኑ ቀርቶ ለስድስት ወር ብቻ ታደሰ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፈቃድ ስለማይሰጠኝ እንደተባባልነው አልመጣም። አትዘንብኝ። እንቅልፌ ተመልሷል፤ ጠዋት ጠዋት ከጋሽ ጆሮ ጋር ፓምፖቹን እየዞርን እናዳምጣለን።

ታላቅ እኅቴን ከነልጆቿ ሳሚልኝ፤ የትንሿ ጥርስ በቀለ? ያንን መቀስ ያዥ ወንድሜን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ፤ አሁን ጢም አብቅሏል አሉ። ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ሰላም በልልኝ። እማማዬን ጉልበቷን ስመህ ይህን ሁሉ አንብብላት። እንዳይከፋት ብለህ የፈረምኩበትንና ዝም ያልኩበትን ቀን እንዳትዘልባት፤ እንደሆንኩት አድርጋ ታውቀኝ።

የምትወድህ ልጅህ

ከፓምፕ ጣቢያው ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን